ሰዓት ሠሪ ለመሆን ለምታስቡ የጋምቤላ ልጆች

ልጆቼ፣ «ስልክ ባለበት ዘመን ሰዓት ማን ያስራል?» እያሉ ልባችሁን የሚያቀዘቅዙ አሉ። አትስሟቸው። ሙሽራ ሰዓት ይፈልጋል፤ ቢሮና መማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰዓት ይሰቀላል፤ አባቱ ያወረሰውን ሴኮ 5 ቆመ ብሎ የሚጥልም የለም። ባትሪ የሚቀይር በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፤ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ የሚገጥም ግን ጥቂት ነው። እናንተ ከጥቂቶቹ ሁኑ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። ደንበኛ «ይዘገያል» ሲላችሁ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት «በቀን ስንት?» በሉት። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ልኳ የተስተካከለው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንደኛ አገር መጋቢት 40 ዲግሪ ሲሆን ትንሽ ትጎተታለች። ያ ግን በወር የሰከንዶች ነገር ነው። በቀን አምስት ደቂቃ የሚያጎድለውን በሙቀት አታመካኙ፤ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ጥርሶቹ መሃል ቆሻሻ ገብቷል። ቴስተር ያዙ፤ ለእጅ ሰዓት የሚሆነው አዲስ የብር ባትሪ 1.55 ቮልት ያሳያል። ርካሹ ባትሪ ውስጥ ውስጡን ፈሳሽ ተፍቶ ዕቃውን ሲበላው ደንበኛው የሚረግመው ሻጩን ሳይሆን እናንተን ነው። ክዳኑን ስትመልሱ የላስቲክ ቀለበቷን እዩ፤ ከተሰነጠቀች ቀይሯት። በዚህ ላብ በሚበዛበት አገር ቀለበቷ ካልያዘች መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል።

ባለ ሞላው ሰዓት ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሞላውን ጉልበት ሳታለቅቁ ማገቻውን ካነሳችሁት፣ ጥርሶቹ ባንድ ጊዜ ተሽከርክረው ስስ ጫፋቸውን ይሰብራሉ። ገበያ ላይ የሞቱ ሰዓቶችን በርካሽ ሰብስቡና በእነሱ ተለማመዱ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ነጭ ሳህን ላይ ደርድሩ። ዘይት ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ አታብዙ። ቬንትሌተሩንም አጥፉ! ሙቀቱ እንደማያስችል አውቃለሁ፤ ግን ከጤፍ ያነሰች ብሎን በነፋስ ከበረረች ወለሉን ስትጠርጉ ትውላላችሁ።

በትምህርት ቤት የማይነገራችሁ ደግሞ ይኸው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ቆጣሪው 12 ላይ ሁለት ጊዜ ሲደርስ አንዴ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ያ ሰዓት ወይ ማለዳ ነው፣ ወይ ምሽት። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ የእኛ ወር ደግሞ 30 ስለሆነ፣ ወር በገባ ቁጥር መገፋት አለበት፤ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለደንበኛው ይህን አስረዱት፤ ማለዳ ላይ እንዲለወጥ ብታደርጉለት ይሻላል እላለሁ። ቀኑን በምትገፉበት ጊዜ መጀመሪያ አጭሩን ቆጣሪ 6 ላይ አውርዱት፤ ቀኑ ሊለወጥ በተቃረበበት ሰዓት ከገፋችሁት ጥርሱ ይጎዳል።

የት ይማሩታል? በጄኔቭ የሰዓት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1824 ነው (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው)፤ በስዊዘርላንድ ተማሪ ሰዓት ሳይነካ በፊት ሞረድ ይዞ ብረት ሲሞርድ ይከርማል። እኛ ዘንድ ያለው መንገድ ሁለት እርምጃ ነው። አንደኛ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ተማሩና ብየዳና ልኬት እጃችሁ ይግባ። ቀጥላችሁ በመቱና በበደሌ በኩል ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ወይም መርካቶ፣ አንድ የበሰለ ሰዓት ሠሪ አጠገብ ተቀመጡ። ስንት ወር እንደምትቆዩና ምን እንደሚከፈላችሁ በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ፤ «ኋላ እንተያያለን» የሚል ጌታ ሱቅ ስታስጠርግ ያከርማል።

ስትመለሱ ማጉያ መነጽር፣ ጥቃቅን ካቻቢቴዎችና ወረንጦ ይዛችሁ ኑ። በወረንጦ ላይ አትቆጥቡ፤ ማግኔት የያዘው ርካሽ ወረንጦ ብሎኗን አልለቅም ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያታግላችሁ ይውላል።