የአስተርጓሚ አደራ

ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ቈጥሮ ይመልሳል፤ ቢያጎድልም በምስክር ይረታል። ቃል በአደራ የተቀበለ ቢያጎድል ግን ማን ይቈጥርበታል? ተናጋሪው የሰሚውን ቋንቋ አያውቅም፤ ሰሚውም የተናጋሪውን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቀው በመካከል የቆመው አስተርጓሚ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዳኛው ኅሊናው ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ በዚያ ዘመን እንደ አገሩ ሥርዓት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ቀን የውጭ አገር ሰው የሆኑት መምህሬ አባቴን አስጠሩ። ሌላ አስተርጓሚ ስላልተገኘ እኔው ቆምሁ። መምህሩ «ልጅዎ ሒሳብ አልገባውም፤ ካልተረዳ ይወድቃል» አሉ። እኔም «ልጅዎ በርትቷል» ብዬ ተረጐምሁ፤ አባቴም መረቁኝ። በሳምንቱ አንድ ገንቦ ማር ይዘው ለመምህሩ መጡ። መምህሩ ተገርመው «ይህ ስለ ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣ «ልጄን እርዱልኝ ማለታቸው ነው» አልሁ። እንዲህ አንዱ ሐሰት ሁለተኛውን ወለደ። በዓመቱ መጨረሻ ስወድቅ አባቴ «ማሬን በልቶ ልጄን ጣለ» ብለው ያንን ቅን ሰው ተቀየሙት። እኔም እውነቱን ለመናገር ሳልደፍር አባቴ ዐረፉ።

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማያውቀውን ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ያዛል። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ወላጅንና መምህርን የሚያገናኝ፣ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ አላቸው። ከእናንተም መካከል ወደዚህ ሥራ የሚገባ ይኖራል።

የዚህ ሠራተኛ ፈተና ከእኔ ፈተና የረቀቀ ነው። እኔ ያጎደልሁት ከፍርሃት ነበር፤ እርሱን የሚፈትነው ግን ርኅራኄ ነው። እናት እንዳታዝን ብሎ መራራውን ቃል ያጣፍጣል። ነገር ግን እውነቱን ያልሰማች እናት ስለ ልጇ ምን ልትወስን ትችላለች?

በሌላ በኩል ቃልን በቃል መገልበጥ ብቻውን ታማኝነት አይደለም። በአሜሪካ «ልዩ ትምህርት» የሚባለው ለመማር እክል ላለበት ልጅ የሚሰጥ እርዳታ ነው፤ ያለ ወላጅ ፈቃድም አይጀመርም። እናት «ልዩ» ሲባል ብትሰማ ግን ልጇ ከጓደኞቹ በልጦ የተመረጠ መስሏት በደስታ ልትፈርም ትችላለች። እንደዚሁም አባት «እንደ ልጅዎ ይቅጡት» ቢል በእኛ ዘንድ እምነትና አክብሮት ነው፤ በዚያ አገር መምህር ጆሮ ግን ጭካኔ ይመስላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስተርጓሚው ቃሉን ሳይጨምርና ሳያጎድል ያድርስ። ማብራሪያ ቢያስፈልግ «ይህ የእኔ ማብራሪያ ነው» ብሎ ለሁለቱም በግልጽ ያስታውቅ። ርኅራኄው ቃሉን በመለወጥ ሳይሆን በትሕትናው፣ በትዕግሥቱና እናቲቱ ገብቷት እስክትጠይቅ በመጠበቁ ይታይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጅ በራሱ ጉዳይ በአባቱና በመምህሩ መካከል ለማስተርጐም አይቁም፤ ሸክሙ ከትከሻው በላይ ነውና።

ልጆቼ ሆይ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ግን የጠራው አባቴ ከዐረፉ፣ መምህሩም ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። እናንተ የሰው ቃል በአደራ ስትቀበሉ፣ ሁለቱም ገና ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ አድርሱላቸው።