የአባት መታሰቢያ

ሰው በሞተ ጊዜ ሥጋው በአንድ ቀን ይቀበራል፤ ስሙ ግን በልጆቹ አፍ ይኖራል። ስለዚህ የሚወደድ አባት ያረፈባቸው ልጆች ራሳቸውን ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አባታችንን የምናስበው እንደ ነበረ ነውን፣ ወይስ ቢሆንልን እንደምንወደው ነው? የሚል ነው።

ይህን እንድመረምር ያደረገኝ በኮልፌ ቀራንዮ የሆነ ነገር ነው። በዚያ ሰፈር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ በዕድሩም በማኅበሩም የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። ልጆቻቸውም በቀብሩ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ለመኑኝ። ሽማግሌው በጕልማስነታቸው በርስት ምክንያት ከታናሽ ወንድማቸው ጋራ ተጣልተው ብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ በደሉም የራሳቸው እንደ ነበረ በሕይወታቸው ሳሉ ሳያፍሩ ይናገሩት ነበር። በኋላም ድንጋይ ተሸክመው ከወንድማቸው ደጅ ወድቀው ይቅርታ ለመኑ፤ ድርሻውንም መለሱ። ልጆቹ ግን «የኔታ፣ ይኸን አይጻፉብን» አሉኝ። እኔም ለሐዘናቸው ራርቼ ተውሁት።

ታሪኩ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዐጸድ ተነበበ፤ የሰማውም ሁሉ አለቀሰ። በአርባው ቀን ግን ያ ወንድም፣ እርሳቸውም ሸምግለው፣ በዘንግ ተደግፈው ወደ እኔ ቀረቡና «የኔታ፣ ጋሼ በዕድሜአቸው ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው የዚያ ቀን ሥራቸው ነበር፤ እርሱን ለምን አብራችሁ ቀበራችሁት?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ልጆቹ ያለ ምክንያት እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። ኖኅ በወይን ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት፤ ስለዚህም ተመረቁ። የአባትን ነውር መሸፈን የልጅ ወግ ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል፤ የሴምንና የያፌትን መሸፈን ያወቅነው ሙሴ የኖኅን ስካር ስለ ጻፈልን ነው። ካም የተናገረው ለማዋረድ ነው፤ ሙሴ የጻፈው ለማስተማር ነው። አንድ ነገር በሁለት ልብ ሲነገር ሁለት ነገር ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ነሐሴ 28 ቀን የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን በዓል ታከብራለች። ይሁን እንጂ አብርሃም በግብፅ ፈርቶ ሣራን እኅቴ ናት እንዳለ፣ ያዕቆብም ዓይኑ የፈዘዘ አባቱን አታሎ በረከት እንደ ወሰደ መጽሐፍ አልሸሸገም። ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን ሊገናኝ ሲሄድ 7 ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። በደሉ ባይጻፍ ኖሮ የስግደቱን ዋጋ ማን ይረዳው ነበር? ሲራክም ከምዕራፍ 44 ጀምሮ አባቶችን ሲያመሰግን የሰሎሞንን ጥበብ ከነነውሩ ተናግሮአል። እንግዲህ ኃጢአቱን የሸሸግንበትን ሰው ንስሓውንም ሸሸግንበት ማለት ነው። አንጥረኛ ወርቁን የሚያፈስበትን መልክ የሚያገኘው በሰም ነው፤ ያለ ሰም ወርቁ መልክ የለውም።

ሁሉ ነገር ይነገር ማለቴ ግን አይደለም። ለንስሓ አባት የተነገረ ከንስሓ አባት ጋራ ይቀበራል፤ በሕይወት ያለውን ሰው የሚያቈስልም ይቅር። ነገር ግን ሰውየው ራሱ ሳያፍር የተናገረውን፣ በሥራውም ያቀናውን ነገር ልጆች ቢያጠፉት አባታቸውን አከበሩ አይባልም፤ ለራሳቸው ክብር ሲሉ ቈረጡት እንጂ።

ከሁሉ የሚሻለው አባት በሕይወት ሳለ መጠየቅ ነው። የቅኔው ሊቅ አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ዘመናቸው የተናገሩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ አሰናድተው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. አሳትመውታል። ልጅ በሎንዶን የተማሩ ደራሲ ሲሆኑ ዝቅ ብለው የአባታቸውን ቃል ሰሙ፤ ስለ ሰሙም ሊቁ ዛሬ በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። እነሆ በዘመናችን ድምፅ የሚቀርጸው መሣሪያ በየሰው ኪስ አለ፤ የጐደለው ጠያቂ ነው። በሣልስት፣ በሰባት፣ በአርባ፣ በሰማንያና በሙት ዓመት ስንደግስ ለጠላውና ለእንጀራው የምንደክመውን ያህል ለቃሉ አንደክምም።

ቀራንዮ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። በዚያ ስፍራ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን አሰበ፤ ማሰቡም ለዮሐንስ አደራ በመስጠት ተገለጠ። ዮሐንስም አደራውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። አባትንም ማሰብ እንዲሁ አደራ መቀበል ነው፤ ይኸውም የጀመረውን ዕርቅ መፈጸም፣ የመለሰውን ርስት መልሶ አለመውሰድ፣ ይቅር ከተባባሉት ወገኖች ጋራ በአንድ ማዕድ መቀመጥ ነው።

እኔም ያን ወረቀት እንደ ገና ጽፌዋለሁ። በሙት ዓመታቸው ይነበብ ዘንድ ልጆቹ ፈቅደዋል፤ የሚያነበውም የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነው። እግዚአብሔር የሽማግሌውን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን።