ሁሉም ክፍሏ ተለውጦ ያችው መኪና ናት?

እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ውስጥ ኦተን የተባሉ ዳኛ አንድ መዝገብ ቀረበላቸው። ከሳሹ ሀባርድ የሚባል ሰው ነው፤ ተከሳሹ ሚድልብሪጅ ሲሚታር የተባለ ኩባንያ። የሚከራከሩት ስለ አንዲት አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ነበር። ስሟ «ኦልድ ነምበር ዋን» ይባላል፤ በ1929 እና በ1930 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን በተባለች ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር አከታትላ ያሸነፈች እንግሊዝ ሠራሽ ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ ናት። ኩባንያው በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛት ከተዋዋለ በኋላ «ይህች ያቺ መኪና አይደለችም» ብሎ አልከፍልም አለ።

ኩባንያው ያለ ምክንያት አልተነሳም። የውድድር መኪና ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው እንደነበረች አትሻገርም። ይህችም ከለማን በኋላ እንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ስትሮጥ ሻንሲዋ ተለወጠ፣ ሞተሯ ወርዶ 8 ሊትር የሆነ ሌላ ሞተር ገባላት፣ አካሏም ተቀየረ። ዳኛው ክፍል በክፍል አስቆጠሩ። በ1929 ካሸነፈችው መኪና፣ ዘመናቸው ከማይታወቅ ጥቃቅን ዕቃዎች በቀር፣ የተረፈ አልተገኘም። በ1930 ካሸነፈችው ደግሞ የፔዳሉ ዘንግ፣ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዘንግ ብቻ ተገኙ። ሦስት ቁራጭ ብረት ማለት ነው።

ፍርዱ ግን ለሻጩ ሆነ። የዳኛው ምክንያት መኪናዋ ታሪኳ ተቋርጦ አያውቅም የሚል ነው። አንድ ቀን ፈርሳ፣ ተረስታ፣ በሌላ ቀን ደግሞ በስሟ አዲስ አልተሠራችም። በየጥገናው ስትገባም ስትወጣም ያችው ነበረች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁሷ አብሯት ባይኖርም እውነተኛዋ ናት አሉ።

እኔ ከዳኛው ጋር እስማማለሁ። ለምን ትክክል እንደሆኑ መናገር ግን ከፍርዱ ይከብዳል።

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕሉታርክ የተባለው ግሪካዊ ጸሐፊ፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን እያወጡ ጤነኛ እየተኩ ለዘመናት እንዳቆዩአት፣ ፈላስፎችም «ያችው ናት»፣ «አይደለችም» እየተባባሉ እንደተከፈሉ ጽፏል። በ17ኛው መቶ ዘመን ቶማስ ሆብስ አጠበቀው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሁለተኛ መርከብ ቢሠራስ? የቴሴዎስ መርከብ የትኛዋ ልትሆን ነው? ለሆብስ ይህ የሐሳብ ፈተና ነበር። በአሮጌ ውድድር መኪኖች ዓለም ግን ሻንሲው አንዱ ዘንድ፣ ሞተሩ ሌላው ዘንድ ሆኖ ሁለቱም በአንድ የሻንሲ ቁጥር ሊከራከሩ ይችላሉ፤ መፍትሔውም ጠበቃና ገንዘብ የሚፈልግ ነው።

አሮጌ መኪና ለውድድር የሚያሰናዳ ሰው ጥያቄውን በእጁ ይዞት ይውላል። ሞተሩን ያወርዳል፣ ቴስታታውን ይፈታል፣ ፋሻውን ያወጣል። ከዚያ ፒስቶኑን ይዞ ከላይ ታች የሚመላለሰውን ቢዬላ አንስቶ ብርሃን ላይ ያገላብጠዋል። ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህ ብረት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይሳባል፣ መቶ ጊዜ ይገፋል፤ በአንድ ሰዓት 360,000 ጊዜ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ በዚያ መሐል ይወለዳል፣ ያድጋል። አንድ ቀን ቢዬላው ተበጥሶ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል፣ ዘይቱ ጎማ ሥር ይፈሳል፣ ነጂው የሚሆነውን አያውቅም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው የስድሳ ዓመቱን ቢዬላ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠውና በተሻለ ብረት የተሠራ አዲስ ያስገባል። ፒስቶኑም፣ የፍሬኑ ቧንቧም፣ የነዳጅ ጋኑም ተራቸውን ይጠብቃሉ። መኪናዋን እንድትሮጥ ያደረጋት እጅ ቁሷን እያሳነሰ ይሄዳል።

ሌላው ሰው ደግሞ ያችኑ ዓይነት መኪና ገዝቶ በመስታወት አዳራሽ ያቆማታል። ቢዬላዋ የጥንቱ ነው፣ ቀለሟም የጥንቱ። ይህን ሰው አልነቅፈውም፤ ብረቱን የሚያጠና ሁሉ ያመሰግነዋል። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሞተሯ ያልተነሳ የውድድር መኪና ምኗ ነው የተጠበቀው? ሠሪዎቿ ሲያስቧት ያሰቡት መዞሪያ ላይ ስትታጠፍ፣ ፍሬን ስትይዝ፣ ማርሽ ሲቀየርላት ነበር። ቁስ ያለ ሥራው ሲቆይ፣ የቆየው ቁሱ ብቻ ነው።

ወደ እኛው አገር፣ ወደ ላስታ ስንመጣ፣ እዚህ ደጋ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረው እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ላንድሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ አካሉ በአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠርቶ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበርና። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ዝናቡና ጭቃው ከሥር ሻንሲውን ሲበላው፣ ላዩ ተላልጦም ተቆልምሞም ሳይዝግ ይኖራል። እኛ አገር የመኪና ማንነት ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በሻንሲ ቁጥርና በሞተር ቁጥር ነው። ሕጉ የመኪናዋን ማንነት ያሰረው በዝገት ቀድሞ በሚሞተውና ሲያረጅ በሚወርደው ክፍል ላይ መሆኑ ነው። ሕጉ ስርቆትን ለመከላከል የሚጨበጥ ነገር ያስፈልገዋል፤ በዚህ አልከራከረውም። ነገር ግን ቁጥር መለያ እንጂ ማንነት አይደለም።

እዚሁ ላስታ፣ ኩልመስክ ላይ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ኮፈኑ ተከፍቶ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ወጣቱ መካኒክ ካንዴላውን ፈትቶ አወጣና ጫፉን በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ጣቱ ጠቀርሻ ሆነ። ነገሩ ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። ላሊበላ አካባቢ፣ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ሲያፈስ የሚያቃጥለው አየር ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቤንዚኑን ቀንሰህ ስታስተካክለው ዳገቱን በደህና ይወጣል፤ እንደተቀነሰ ወደ ቆቦ ቆላ ከወረድክ ደግሞ ድብልቁ ቀጥኖ ሞተሩ ይግላል። አንዱ ሞተር በደጋና በቆላ ሁለት ጠባይ አለው።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሽማግሌው ሾፌር ዞረ። «አያ፣ ሞተሩ የቶዮታ፣ ካምቢዮው የሌላ፣ ባሌስትራው ከኢሱዙ ተቆርጦ የገባ። ምኗን ነው ላንድሮቨር የሚሏት?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ አባትህ የታመመ ጊዜ ወልድያ ሐኪም ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። እሷ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው?»

ይህ መልስ ሆብስን ዝም ያሰኛል ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌው መኪናዋን የለዩት በሆነውና በደረሰው ነገር ነው፤ ያንን ያደረገችው አንዲት ናትና ማንነቷም ከዚያ ይነሳል። ብረቱ እየተተካ እንኳ አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጎን ለጎን አብሮ አገልግሏል። የቶዮታው ሞተር ሲገባ ካምቢዮው የቀድሞው ነበር፤ ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ ዳገቱን ለምዶታል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢለወጥ ኖሮ ለአዲሱ የሚመሰክርለት አሮጌ አይኖርም ነበር። አዝጋሚው መተካካት ከድንገተኛው የሚለየው በዚህ ይመስለኛል።

ላሊበላ ጥያቄውን በሌላ በኩል ያመጣዋል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። እየተቀነሰ የተሠራ ነገር ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ሆኖም የቤተ መድኃኔዓለምን የውጭ ዓምዶች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ አንዳንዶቹ ከዐለቱ ጋር የተወለዱ፣ አንዳንዶቹ ግን በተጠረበ ድንጋይ ተደርድረው የቆሙ መሆናቸውን ይለያል። የጥንቶቹ በዘመን ብዛት ወድቀው የተተኩ ናቸው፤ መጋጠሚያቸውም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ለጥገና ሲመጡ፣ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ቀደም ባሉ ጠጋኞች የተለቀለቀውን ሬንጅና ቀለም ማንሳት ነበር። ሬንጁ ስንጥቁን የደፈነው ደብቆ ነው፤ የተደረደረው ዓምድ ግን መተካቱን በግልጽ ይናገራል። ጥገናዎች ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ ይህ ያሳየኛል።

ቤተ መድኃኔዓለም የተተኩ ዓምዶች ስላሉት ሌላ ሆነ የሚል ላስቴ አላጋጠመኝም። ቅዳሴው አልተቋረጠማ። በገጠሩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። የአንድ ደብር ሕንጻ ሲያረጅ ከመሠረቱ ይፈርሳል፤ ታቦቱ መቃኞ ገብቶ ይሰነብታል፣ አገልግሎቱ እዚያው ይቀጥላል፣ አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ በእልልታ ይገባል። ከዚያ በኋላ «ይህ ደብር መቼ ተተከለ?» ብለህ ብትጠይቅ የሚነገርህ የቀድሞው የተተከለበት ዘመን ነው። የተቀደሰውን ነገር ከመኪና ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ግን ይህ ሕዝብ ድንጋዩና እንጨቱ ሲለወጥ ምን መቀጠል እንዳለበት ከፈላስፎቹ ሳይጠይቅ ለይቶ ያውቃል፤ መቃኞ የሚሠራው አገልግሎቱ አንድም ቀን እንዳይታጎል ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ጃጓር ኩባንያ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1963 ክብደቱ የተቀነሰ ኢ-ታይፕ የተባለ የውድድር መኪና 18 ሊሠራ አቅዶ 12 ብቻ ሠራ። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2014፣ የቀሩትን ስድስቱን እሠራለሁ አለ፤ ሳይሰጡ የቀሩትን የሻንሲ ቁጥሮችም ሰጣቸው። ሠሪው ያው ነው፣ ንድፉ ያው ነው፣ ቁጥሩም በጊዜው የተመደበ። በቁስ ብቻ ከተለካ እነዚህ ከኦልድ ነምበር ዋን ይልቅ ለጥንታቸው የቀረቡ ናቸው። እኔ ግን የ1963 መኪኖች ልላቸው አልችልም። በ1963 በነርሱ ላይ የደረሰ ምንም ነገር የለም። ማንም አልወደቀባቸውም፣ ማንም አላሸነፈባቸውም፣ ዝናብ እየዘነበ ማንም ሌሊቱን ሙሉ አልነዳቸውም። ድንቅ መኪኖች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን የሚቆጠረው ከተሠሩበት ቀን ነው።

ታሪክ ማንነትን የሚሸከም ከሆነ ግን መርጦ መውሰድ አይቻልም። ለዚህ ነው ዘመናቸው ያለፈ መኪኖችን የሚያሰናዱ ጋራዦች የወጣውንም የገባውንም ክፍል ከነቀኑ እንዲመዘግቡ የምፈልገው። የእኛዎቹም ጭምር፤ ሊብሬው የማይጠይቀውን ሁሉ የሚያውቀው መካኒኩ ነውና፣ እሱ ሲሞት የመኪናዋ ግማሽ ዕድሜ አብሮ ይቀበራል። መዝገቡ ደስ የማይለውንም መያዝ አለበት። ኦልድ ነምበር ዋን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1932 ብሩክላንድስ ላይ የ500 ማይል ውድድር ስትሮጥ ክላይቭ ደንፊ የተባለው ነጂዋ ከተንጋደደው የመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ ሞተ። ከአደጋው በኋላ ተጠግና ዝግ አካል ተሠራላት፤ እንደገና መንገድ ወጣች። ዳኛው ክፍል በክፍል ካስቆጠሩት ብረት ሻንሲዋና ትልቁ ሞተሯ ከለማን ድሎች በኋላ የገቡ ናቸው። ገዢው 10 ሚሊዮን ፓውንድ የተዋዋለው ለ1929 እና ለ1930 ድሎች ነበር፤ ሊረከበው የነበረው ብረት ግን ባብዛኛው ክላይቭ ደንፊ በሞተበት ቀን አብሮት የነበረው ነው።