መስጠት ሁሉ ቸርነት ነውን?

ለለመነ መስጠት በጎ ሥራ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን የተሰጠው ነገር ተቀባዩን የሚጐዳው ሲሆን፥ ስጦታው ቸርነት ይባላልን? ይህን ለመመርመር ትንሽ ከሚመስለው ነገር፥ በቤታችን ከምናኖረው ከውሻ እንጀምር።

ማዕድ በቀረበ ጊዜ ውሻ ከጌታው አጠገብ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ጌታውም አላስችል ይለውና ያጐርሰዋል። ከጊዜ በኋላ ውሻው ከልክ በላይ ይወፍራል፤ ጥቂት ሄዶ ያለከልካል፥ መገጣጠሚያውም ያመዋል። ይህ ጉዳት የመጣው ከጭካኔ ሳይሆን ከፍቅር መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

በአሜሪካ አገር ላብራዶር ከሚባለው ዘር 48 ውሾች ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ከሁለቱም አንዱ ጓደኛው ከሚበላው ከመቶ 25 እጅ ያነሰ እየተሰጠው ዕድሜውን ኖረ። ውጤቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ሲታተም፥ የብዙ በሎቹ መካከለኛ ዕድሜ 11.2 ዓመት፥ የጥቂት በሎቹ ግን 13 ዓመት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የምግብ መብዛት ሁለት ዓመት የሚያህል ዕድሜ ወሰደ ማለት ነው።

«የሚለምንን መከልከል ጭካኔ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ልመና ሁሉ ግን ራብ አይደለም። በዚያው አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የካምብሪጅ ሊቃውንት፥ ከአራት ላብራዶሮች በአንዱ ያህል ላይ የምግብ ፍላጎትን በሚገታው ዘረመል ጕድለት እንዳለ ገለጡ። እንዲህ ያለው ውሻ በልቶም ሳለ ይለምናል። «ይበቃኛል» ማለት ለማይችል ፍጡር፥ «ይበቃሃል» ማለት የጌታው ዕዳ ነው።

ሰው ቢጾም በፈቃዱ ነውና ዋጋ አለው። ውሻ ግን ምግቡ ቢቀነስለት ጾመኛ አይባልም፤ በዚህ ሥራ ራሱን መግዛት የሚገባው ጌታው ነው። ስለዚህ በሌላው ሆድ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው በቍጣና በችኰላ አይከልክል። አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪምን ይጠይቅ፥ ከደዌ የሚመጣ ውፍረት አለና። ከዚያም ምግቡን በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ይስፈር፤ በመካከል የሚሰጠውም ከቀኑ ምግብ ከዐሥር አንዱን አይለፍ። በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢቀንስ ይበቃል። እጅ ጐኑን ሲዳብሰው የጐድን አጥንቱ ሳይጫኑት ከታወቀ፥ መልካም ምልክት ነው።

መከልከል ብቻውን ግን ገና ቸርነት አይደለም። ጕርሻ ለሰጪው ርካሽ ነው፤ ከወንበር ሳይነሡ እጅን በመዘርጋት ያልቃልና። በማለዳ ተነሥቶ፥ መጀመሪያ ጥቂት፥ ኋላም ቀስ በቀስ እያስረዘሙ ከውሻው ጋር መሄድ ግን ጊዜንና ድካምን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጕርሻውን የምንሰጠው ጊዜያችንን ላለመስጠት ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስጦታህን በተቀባዩ ደስታ ብቻ አትመዝነው፤ ለእርሱ በሚያተርፈው ጤናና አንተን በሚያስከፍልህ ድካም መዝነው።