ኳሷ ካረፈችበት

ሥላሴ ሰፈር፣ በግቢያችን ሣር ላይ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን የአክስቴን ልጅ በገና ዱላ ጎልፍ አለማምደው ነበር። ኳሷን በሳተ ቁጥር እጁን ይዤ እመታለታለሁ። ደግነት መስሎኝ ነው። አንድ ቀን ዱላውን ጣለና ወደ ቤት ገባ።

ለመሆኑ እርዳታ ንጥቂያ የሚሆነው የት ላይ ነው?

በ1960 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ የተጀመረው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ዛሬ በሚያካሂደው የጎልፍ ውድድር አንድ ዘርፍ አለ፤ ስፖርተኛውና ውስንነት የሌለበት አጋሩ አንዲት ኳስ በየተራ ይመታሉ። ስፖርተኛው ቁጥቋጦ ሥር ቢከታት አጋሩ ከዚያው ይቀጥላል፤ አጋሩ ቢያበላሽም ስፖርተኛው እንደዚያው።

እኩልነት ማለት፣ አንባቢ ሆይ፣ የሌላውን ስህተት ተረክቦ የራስንም ማስረከብ ይመስለኛል። አሁን እሱ ይመታል፤ እኔም ኳሷ ካረፈችበት እቀጥላለሁ።