ማከምና ማስታመም

የሚወዱት ሰው የማይድን ደዌ ቢይዘው፥ ከፍቅር የሚጠበቀው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም፥ ኤድዋርድ ዝዊክ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ በታየው «ላቭ ኤንድ አዘር ድረግስ»፥ ማለት «ፍቅርና ሌሎች መድኀኒቶች» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ እንደ አዲስ ተነሥቶ አግኝተነዋል።

የታሪኩ ባለቤት ጄሚ የፋይዘር ኩባንያ የመድኀኒት ሻጭ ነው። ሐኪሞች ዞሎፍት የተባለውን መድኀኒት እንዲያዝዙለት ሲደልል፥ ተፎካካሪ የሆነውን የፕሮዛክን ናሙና እስከ መጣል ይደርሳል፤ ቪያግራ በ1998 ለገበያ ሲቀርብም ሥራው እጅግ ይሠምርለታል። የሚወዳት ማጊ ግን በወጣትነቷ ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ የያዛት ሠዓሊ ናት። ይህ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 የገለጸው የሚያንቀጠቅጥ ደዌ፥ እስከ ዛሬ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አልተገኘለትም።

ጄሚ ግን ፈውስ ፍለጋ ከከተማ ከተማ፥ ከሐኪም ሐኪም ያንከራትታታል። እርሷም አንድ ነገር ታስተውላለች፤ ይኸውም የሚወዳት ነገ የምትድነውን ማጊን እንጂ፥ ዛሬ ያለችውን አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ትለየዋለች።

እንደሚመስለን ጄሚን ያሳተው የሱቁ ሚዛን ነው። ዕቃ የሚገዛው ስለሚሠራ ነው፤ ካልሠራ ይመለሳል። ይህ ደንብ በገበያ ቅን ነው፤ ወደ ቤት ሲገባ ግን ፍቅርን የውል ነገር ያደርገዋል።

መድኀኒት መፈለግ ጥፋት ነው አንልም። ሌቮዶፓ የተባለው መድኀኒት ለብዙ ሕሙማን የእጅና የእግራቸውን ሥራ መልሶላቸዋል። መድኀኒት እያለ እጁን አጣጥፎ «ወዳጅ ነኝ» የሚልም ሐሰተኛ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሚስቱ በዚሁ በሽታ የምትማቅቅበት አንድ ሰው ጄሚን «ትተሃት ሂድ» ብሎ ሲመክረውም አንፈርድበትም፤ ድካሙን ያልቀመሰ ሊነቅፈው አይገባምና።

ነገር ግን ቋንቋችን ሁለት ቃላት ለይቶ አኑሮልናል። ሐኪም ያክማል፤ ወዳጅ ያስታምማል። የማከም ፍጻሜ መዳን ነው፤ ማስታመም ግን ውሃ ማቀበል፥ ትራስ ማቃናት፥ ሌሊቱን አብሮ ማንጋት ነውና፥ በሽተኛው ባይድንም ከንቱ ድካም አይባልም።

ጄሚም በመጨረሻ ወደ ማጊ የተመለሰው ባዶ እጁን ነው። እርሷ የምትፈራው ከሚሻት ይልቅ እንዳትሻው ነበር፤ በመስጠት ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ በመቀበልም ትሕትና ያስፈልጋል።

እንግዲህ መድኀኒትን የሚሠራ ጥበብ ይበርታ እንላለን፤ ጥበብ በደከመበት ሥፍራ ግን አስታማሚ አይጥፋ።