ማኑዋል የሚጻፈው ባለሙያው ለሌለበት ቀን ነው

ልጄ፣ የዩኒየናችሁ ሥራ አስኪያጅ «የአሠራር ማኑዋል አዘጋጂና ለቦርዱ እናቅርብ» ብሎ እንዳዘዘሽ ስትነግሪኝ ደስታውም ድንጋጤውም በድምፅሽ ውስጥ ነበረ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍሁልሽ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመዝገብ ቤትና በንብረት ክፍል፣ ኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዙሪያ ነው። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ወምበርማ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ማኑዋል ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው የተጻፈው ለኦዲተር ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ ይወርዳል፣ ኦዲተር ሲሄድ ይሰቀላል። አንቺ ግን ጻፊ ስትባዪ የምትጽፊለት ሰው ሌላ ነው። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቀው ሰው የቀረ ቀን ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ነው የምትጽፊው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን በር ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ስሙ ይቅር። ወሩ ሰኔ ነው፣ በቆሎ የሚዘራበት ሰሞን። ዩሪያና ኤንፒኤስ ገብቷል፤ ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ፣ አህያውን ይዞ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ቆሟል። ዝናቡ እያካፋ ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው ግን የለም፤ አጎቱ ሞተውበት ቀብር ሄዷል። በመጨረሻ አንዱ «ማኑዋሉ ምን ይላል?» አለ፤ ማኑዋሉ ወረደ፣ ተነበበ። «የንብረት ክፍል ኃላፊው በማይኖርበት ጊዜ አግባብ ባለው አካል በሚሰጥ ውክልና መሠረት ሥራው እንዲቀጥል ይደረጋል» ይላል። አግባብ ያለው አካል ማን ነው? ሊቀ መንበሩ «እኔ አይደለሁም» አለ። ሒሳብ ሹሟ «መጋዘን አይመለከተኝም» አለች፤ እውነቷንም ነው። ቁልፉም ከሰውየው ጋር ቀብር ሄዷል። ገበሬው ባዶ አህያውን እየነዳ ተመለሰ።

እዚያ ቦታ ላይ ቢጻፍ ኖሮ የሚጠቅመው ይህ ነበር፦ «የንብረት ክፍል ኃላፊው ከሥራ ሲቀር የማኅበሩ ጸሐፊ የመጋዘኑን ሁለተኛ ቁልፍ ከካዝና ያወጣል። ሊቀ መንበሩ ባለበት በመጋዘኑ ያለውን ጆንያ ይቆጥራል፤ ሁለቱም በቆጠራው ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ወጪ ሞዴል 22 ይቆርጣል። ኃላፊው ሲመለስ ቆጥሮ ይረከባል።» ምንም ጌጥ የለውም፤ ማንም አንብቦ ይሠራበታል። ሒሳብ ሹሟን ለምን አላስገባሁም ብትዪ፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ዕቃ አይይዝም፣ ገንዘብ የሚቀበልም ዕቃ አያወጣም። ሠራተኛ በሚያንስበት ማኅበር ይህን መጠበቅ ይከብዳል፤ ቢሆንም ማኑዋልሽ በየትም በኩል ቢላላ በዚህ በኩል እንዳይላላ።

ስለዚህ ረቂቅሽን ስትጨርሺ «ይደረጋል»፣ «ይከናወናል»፣ «ይፈጸማል» የሚሉትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አስምሪባቸውና በየአንዳንዱ ጎን «ማን?» ብለሽ ጻፊ። መልስ ያጣሽለት አንቀጽ ገና አልተጻፈም። «የሚመለከተው አካል»ንማ ጨርሶ አታስገቢው። በአገራችን የእርሱን ያህል ሥራ የሚበዛበት ሰው የለም፤ አንድም ቀን ግን ቢሮ ሲገባ ታይቶ አያውቅም።

አጀማመርሽን በተመለከተ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው ተዪው። አንድ ግዥ ምረጪና ከጥንስሱ ተከተዪው። ጥያቄውን ማን ጻፈ፣ ማን ፈቀደ፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ ማን ሰበሰበ፣ ዕቃው ሲመጣ ማን መረመረው፣ ሞዴል 19 መቼ ተቆረጠ፣ ክፍያው በማን ፊርማ ወጣ? ወረቀቱ በሄደበት ሁሉ ሂጂ። ሠራተኛውን «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለሽ ብትጠይቂው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይነግርሻል፤ አጠገቡ ተቀምጠሽ ብታዪው ግን በእርግጥ የሚሠራውን ታያለሽ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም። ሞዴል 19 መቆረጥ ያለበት ዕቃው ተቆጥሮ ሲገባ ነው፤ የመኪናው ሾፌር ስለቸኮለ ብቻ ዕቃው ሳይወርድ ሲቆረጥ ግን ታገኚው ይሆናል። ያን ጊዜ አትቆጪ፣ አትጻፊም፤ ለምን እንደሚሆን ጠይቂ። ምክንያቱን ካላወቅሽ አንቀጹን ብታሳምሪውም ሾፌሩ እንደ ቸኮለ ይኖራል። ዘበኛውንም አትርሺው። ከበሩ ምን እንደሚወጣና ያለ መውጫ ወረቀት ማን እንደሚያልፍ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የሌላ መሥሪያ ቤት ማኑዋል ለምነሽ ስሙን እየቀየርሽ መጻፍ ያምርሽ ይሆናል። እንደ ዳሞት ያሉ የቆዩ ዩኒየኖች እንዴት እንደሚሠሩ መጠየቅና ማየት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ግድ ነው። ነውሩ መገልበጡ ነው። በአንድ የገጠር ማኅበር ደንብ ውስጥ «ቅሬታ ያለው አባል ለክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ያመለክታል» የሚል አንቀጽ አንብቤአለሁ። የትኛው ክፍለ ከተማ? ከዚያ ቀበሌ ወደ ወረዳው ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ይኬዳል። አባላቱ ግን ደንቡን አጽድቀውታል፣ ምክንያቱም ማንም አላነበበላቸውም።

በዚህ ነገር የቀበሌው እድር ከቢሮው ይበልጣል። የእድር ደንብ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ገጽ አያልፍም፣ የሚጻፈውም በአንድ ደብተር ላይ ነው። ግን ጥሩምባ የሚነፋው ማን እንደሆነ፣ ድንኳኑና ድስቱ በማን ቤት እንደሚቀመጥ፣ ከቀብር የቀረ ስንት ብር እንደሚቀጣ፣ ቅጣቱን ማን እንደሚሰበስብ፣ ድስት ሰብሮ የመለሰ ምን እንደሚከፍል ሁሉም ያውቀዋል። ማንበብ የማይችለውም ያውቀዋል፤ ሲወጣ ተቀምጦ ተከራክሮበታላ። የአንቺም ማኑዋል የሚነካቸው ሰዎች ቃል በቃል ይስሙት። ለሠራተኛው የሚመለከተውን ክፍል ለሠራተኛው፣ ለአባሉ የሚመለከተውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ስታነቢ የተሰናከልሽበት ዓረፍተ ነገር አንባቢንም ያሰናክላልና እዚያው አስተካክዪው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ ይሳሳታል። ማኑዋል ብቻውን አይቆምም፣ ከበላዩ ሕግ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 147/1991 ነበር፤ ዛሬም በየቢሮው በአሮጌው የሚምል አይጠፋም። ቀጥሎ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀውና መዝጋቢው አካል የመዘገበው መተዳደሪያ ደንባችሁ ይመጣል። ማኑዋሉ ከሁለቱም በታች ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ለጠቅላላ ጉባኤ የሰጠውን ሥልጣን በማኑዋል ለሥራ አስኪያጅ ልትሰጪ አትችዪም፤ ሥራ አስኪያጁ ወደዚያ ቢገፋሽም እንኳ አንቀጹን አውጥተሽ አሳዪው። ክልሉ የሚያወጣውን ደግሞ በዝክረ ሕግ ፈልጊ፤ «ተሻሽሏል አሉ» በሚባል ወሬ አትጻፊ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችስ ብትዪ፣ በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መሠረት ያልተመዘገበና ለሕዝብ ያልወጣ መመሪያ ሊያስፈጽሙ አይችሉም። እናንተን በቀጥታ አይመለከትም። ነገር ግን በመሳቢያ ውስጥ በተደበቀ መመሪያ ሰው አይቀጣም የሚለውን አስተሳሰብ ለእናንተም ውሰጂው።

ዩኒየኑ የሚቀጥራቸው ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር ናቸው። አሮጌ ማኑዋሎች ከ377/1996 የተቀዱ ስለሆኑ የሙከራ ጊዜውን 45 ቀን ይሉታል፤ አዲሱ አዋጅ ግን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል። ከሁሉ ይልቅ የምትጠነቀቂበት የዲሲፕሊን አንቀጹ ነው። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችልበትን ጥፋት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ያልፍበታል። እንግዲህ ማኑዋሉ ለምርመራ ኮሚቴው ሃያ ቀን፣ ለሥራ አስኪያጁ ዐሥር፣ ለቦርዱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ከሰጠ ምን ይሆናል? የማኅበሩን ገንዘብ የበላው ሰው በሕግ አሸንፎ ይመለሳል፤ ያሸነፈውም በራሳችሁ ማኑዋል ነው። ቀኖቹን ደምሪያቸው፤ ከ30 በታች ካልሆኑ አንቀጹን እንደገና ጻፊ።

የቀን መቁጠሪያውንም ከአገሩ ጋር አስማሚ። «ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ሰኔ 30 ይካሄዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ልክ ነው። በምዕራብ ጎጃም ግን ሰኔ መጋዘኑ ከጧት እስከ ማታ የማይዘጋበት ወር ነው። የበጀት ዓመቱን ማዘዋወር አትችዪም፣ ቆጠራውን ግን መከፋፈል ትችያለሽ። ሚዛኑ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የመርጫ መሣሪያው በግንቦት ይቆጠር። ማዳበሪያው ብቻ ሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ ሥርጭት ቆሞ ይቆጠር፤ ሥርጭት እንደሚቆም ቀደም ብሎ በየቀበሌው ይነገር። እንዲሁም ገበሬው በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ29 በዓል ነውና ሞፈር አያነሣም፤ ጉዳዩን ይዞ ወደ ቢሮ የሚመጣው ያን ቀንና በገበያ ቀን ነው። የሠራተኛ ስብሰባና የውስጥ ሥልጠና በእነዚህ ቀኖች እንዳይያዝ በማኑዋሉ አስቀምጪ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚመጣው ቅሬታ ግን ብዙውን ያስቀራል።

ሌላው፣ ማኑዋሉ ኔትወርክ ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ እንዳይተማመን። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። «በኢሜይል ተልኮ ሲፈቀድ» የሚል አሠራር ያን ጊዜ ምን ይውጠው? እያንዳንዱ ፈቃድ በወረቀትና በፊርማ የሚያልቅበትን ሁለተኛ መንገድ ጻፊ። መንገድ ሲዘጋ እስከ ስንት ብር ድረስ በቅርንጫፍ ደረጃ መወሰን እንደሚቻል፣ ከዚያም ውሳኔው ለማን በምን ያህል ጊዜ ሪፖርት እንደሚሆን አስፍሪ። የማኑዋሉንና የዋና ዋና ሰነዶችን ኮፒ ከዋናው ቢሮ ሌላ ቦታም አስቀምጪ።

ርዝመቱን በተመለከተ ሥራ አስኪያጆች ወፍራም ማኑዋል ይወዳሉ፤ ለቦርድ ሲቀርብ ያስከብራልና። «የማኑዋሉ ዓላማ»፣ «የማኑዋሉ አስፈላጊነት»፣ «የማኑዋሉ ወሰን» እያለ ዋናው ሥራ ሳይነካ ብዙ ገጽ ይሞላል። አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። ቅጾቹን ግን አትንፈጊ። ሞዴሎቹን፣ የጥያቄ ቅጹን፣ የርክክብ ቅጹን እንዴት እንደሚሞሉ በምሳሌ ሞልተሽ ከኋላ አባሪ አድርጊ። ሰው የሚሳሳተው አንቀጹ ላይ ሳይሆን ቅጹ ላይ ነው። በየገጹ ግርጌ የጸደቀበት ቀን፣ ያጸደቀው አካልና የእትሙ ቁጥር ይኑር። አዲሱ ሥራ ላይ በዋለ ቀን አሮጌውን ከየጠረጴዛው በፊርማ ሰብስቢ፤ አንድ ኮፒ «የተሻረ» ተብሎ መዝገብ ቤት ይቅር።

ስሜን ጥቀሺ አላልሁም፤ ይህን ግን ለሥራ ባልደረቦችሽ አሳዪልኝ። አንቺንም በየወረዳው እንዲህ ያለ ሥራ የተሰጣችሁን ወጣቶችንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬውኑ ያለውን ማኑዋል ከመደርደሪያ አውርዱና የወሊድ ፈቃድ የሚለውን አንቀጽ ክፈቱ። 90 ቀን የሚል ከሆነ ነገ ጧት ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ደብዳቤውንም ወጪ አድርጋችሁ ቁጥር አሰጡት። ከ2011 ጀምሮ ሕጉ ለወላድ ሠራተኛ የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ነው።